እምቦጭ የሚያነሣው ማሽንና እምቦጭን የሚያጠናው ሰው የት ይገናኙ?

ጥያቄ፦ ባለብየዳ (ዓባይ ማዶ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ የብረታ ብረትና የብየዳ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ጥያቄዬ ከሥራዬ የመነጨ ቢሆንም ከሙያዬ በላይ ሆኖብኛልና በተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ በምህንድስና ላይ የተሰማራችሁ ሰዎች አሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ከጣና ላይ እምቦጭ የሚያነሣ ማሽን እንድንሠራለት አዘዘን። ተንሳፋፊውን ከባዶ በርሜሎች፣ አካሉን ከቱቦላሬና ከላሜራ ሠራን፤ አረሙን ከውኃው እየሳበ ወደ ላይ የሚያወጣውን ተሽከርካሪ ምንጣፍ ከሽቦ ወንፊት አበጀን፤ ሞተሩንም ከአሮጌ የውኃ ፓምፕ ወስደን በቺንጊያ አገናኘነው። በመጀመሪያው ቀን ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የታችኛው ዘንግ መዞር አቆመ። ስንፈታው ጥቁርና ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የፈረስ ጭራ የመሰለ ሥር ዘንጉ ላይ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞ፣ ኩሽኔቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ፣ ግራሶውን ከጭቃ ጋር ለውሶት አገኘነው። በቢላዋ እየቆራረጥን ማውጣቱ ግማሽ ቀን ፈጀብን። በኋላ ወደ አንድ ወንዝ አፍ አጠገብ ስንዛወር ሥሩ አጠር ያለ ስለነበር እምብዛም አልተቸገርንም፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ የባሰ ያሳዘነኝ በዓመቱ ያየሁት ነው። ያጸዳነው ሥፍራ ካላጸዳነው ባልተናነሰ ሁኔታ አረንጓዴ ሆኖ ቆየኝ። አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሻይ ቤት ውስጥ አግኝቶኝ፣ ከማሽኑ የሚያመልጥ ትንሽ ቁራጭ እንኳ እንደገና ሊያቆጠቁጥ እንደሚችልና ዘሩም በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ ሲነግረኝ፣ ይህ እውቀት እኔ ከምበይድበት ቦታ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ እያለ ወደ እኔ ሳይደርስ መቅረቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንዳንድ ሰዎች ምሁራን ሁሉ ለሕዝብ የሚጠቅም መሣሪያ ይሥሩ፣ የቅጠልና የሥር ቆጠራ ይብቃን ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መሠረታዊው ምርምር በራሱ መንገድ ከሄደ ጥቅሙ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል ይላሉ። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። ተመራማሪው ምርምሩን፣ እኔም ብየዳዬን ሳንተው፣ ሁለታችንም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በአንድ ጉዳይ ላይ አብረን የምንቆምበት መንገድ አለ ወይ? ካለስ ከምን ይጀመራል?

---

መልስ፦ ደንገል

ወንድማችን፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔ የውኃ ውስጥ ዕፅዋትን የማጠና ሰው ነኝ፤ ከሁሉ በላይ የያዘኝ በመካከል እንደ ቀላል ነገር ያለፏት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ ከወንዙ አፍ አጠገብ ሥሩ አጠር ያለ ነበር ያሉት።

እምቦጭ ምግቡን የሚስበው ውኃው ውስጥ በተንጠለጠለው ሥሩ ነው። በውኃው ውስጥ ፎስፈረስ ሲበዛ ተክሉ ምግብ ፍለጋ ብዙ መድከም ስለማያስፈልገው ሥሩን አሳጥሮ ቅጠልና ልጅ ያበዛል፤ ሲያንስ ደግሞ ጥቂቷን ለማሰስ ሥሩን ያረዝማል፣ በሥሩ ላይ ያለውንም ጭራ ያበዛል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ከደጋው እየጠረጉ የሚያወርዱት አፈር ፎስፈረሱን አብሮ ይዞ ስለሚገባ፣ በወንዝ አፍ አጠገብ ሥሩ አጥሮ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። እርስዎን ግማሽ ቀን ያስፈጀዎት ጥምጥም ስለ ውኃው የሚናገር ምልክት ነበር ማለት ነው። በእርግጥ የተክሉ ዕድሜም የሥሩን ርዝመት ስለሚለውጠው የአንድ ሥፍራ ምልከታ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን መለካት ያለበትን ነገር ጠቁሞናል። እኛ ሥሩን የምንለካው ነቅለን፣ አድርቀንና መዝነን ነው። ሥሩ ስንት ኪሎ ሲሳብ እንደሚበጠስ፣ እርጥብ ሳለ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም ግን እኔ በበኩሌ ለክቼ አላውቅም፤ ለመለካትም አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን ጥያቄ ሊያመጣ የሚችለው ኩሽኔቱን የፈታው ሰው ነው።

ማሽኑን ለሚሠራ ሰው የሚጠቅሙ ሌሎች ነገሮችንም ልጨምር። ትኩስ እምቦጭ ከክብደቱ ከ100 እጅ 90 እጅ በላይ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ከሐይቁ ወደ ዳር፣ ከዳርም ወደ ማድረቂያ ሥፍራ የምናመላልሰው በአብዛኛው የጣናን ውኃ ነው። አንድ መሐንዲስ ይህን ሲሰማ፣ ማሽኑ ላይ መጭመቂያ ተገጥሞ ውኃው እዚያው ይፍሰስ ቢል ትክክለኛ አሳብ ይመስላል። ነገር ግን የሚጨመቀው ጭማቂ ተክሉ ከሐይቁ የሳበውን ፎስፈረስና ናይትሮጅን በከፊል ይዞ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ምን ያህሉ ይመለሳል? ከተጨመቀው አረም የሚቀረውስ ለኮምፖስትና ለባዮጋዝ ምን ያህል ጥቅም ይሰጣል? እነዚህ መሠረታዊ ጥያቄዎች ናቸው፤ የተወለዱት ግን ከመጭመቂያው አሳብ ነው።

የዘሩን ጉዳይ ተማሪው በትክክል ነግሮዎታል። ዘሩ ከአበባው ከተለየ በኋላ ይሰምጣል፤ በጭቃ ውስጥም እስከ 15 እና 20 ዓመት ድረስ ሕይወቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ውኃው ሳስቶ ወይም ሸሽቶ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ጣና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በተለይ በምሥራቅና በሰሜን በኩል ዳርቻው ሜዳ በመሆኑ፣ ውኃው በበጋ ትንሽ ሲቀንስ ሰፊ ባህር ሸሽ መሬት ይገለጣል፤ ገበሬው የሚዘራበት ያ ጭቃ ለእምቦጭ ዘርም የተመቸ መደብ ነው። አረሙ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 እንደ መሆኑ መጠን፣ ያን ጊዜ የወደቀ ዘር ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የማሽኑ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሚሰማራበት ወር ወሳኝ ነው። ካበበ በኋላ የሚነሣ እምቦጭ የዓመቱን ዘር ጥሎ ሊሆን ይችላል።

በሌላ አገር ስለተሠራበት፣ እምቦጭን ስለሚበላው ጥንዚዛ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ጥንዚዛው ተለቆ በዐሥርተ ዓመቱ መጨረሻ አረሙ በእጅጉ ቀንሷል፤ ከቅናሹ ምን ያህሉ የጥንዚዛው፣ ምን ያህሉ በዚያው ወቅት የነበረው የአየር ሁኔታ ውጤት እንደሆነ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። መሣሪያው ሠርቶ ምክንያቱ በውል ካልታወቀ በሌላ ሐይቅ ላይ ለመድገም ድፍረት ያሳጣል።

---

መልስ፦ የማሽላ ሰው

የደንገልን መልስ በደስታ አነበብሁት፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ ልለይ። ምርምር ሁሉ ከጎኑ ብየዳ ቤት ሊኖረው ይገባል ወደሚል መደምደሚያ እንዳንሄድ እሰጋለሁ። እኔ የሰብል ተመራማሪ ነኝና ምሳሌዬን ከአቀንጭራ ልውሰድ።

አቀንጭራም እንደ እምቦጭ በዘሩ የሚታገል አረም ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀው ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ፣ የማሽላ ሥር የምታመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነቅቶ ሥሯ ላይ ይጣበቃል። ከዚህ የምልክት ቤተሰብ የመጀመሪያው የተለየው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የተገኘውም ከማሽላ ሳይሆን አቀንጭራ ከማያጠቃው ከጥጥ ሥር ነበር። በዚያ ዘመን ከጥጥ ሥር የሚወጣ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ሲጠራቀም ያየ ገበሬ ምን ይረባል ቢል አይፈረድበትም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታና የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ይህን እውቀት ይዘው፣ የአቀንጭራን ዘር በጥቂቱ ብቻ የሚያነቁ የማሽላ ዘሮችን በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ መለየት ቻሉ። የጥሪውን ድምፅ ዝቅ ያደረገች ማሽላ አቀንጭራን አትቀሰቅስም። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት በአገራችን የተለቀቁ ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፤ ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝም ቀጣዩ ነው። ማሽላ ጠላቷን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ታመነጫለች? እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች እነዚህ ኬሚካሎች ከሥር ጋር ተባብረው ፎስፈረስ የሚያቀብሉ ፈንገሶችን የሚጠሩ መሆናቸውን አሳዩ። ተክሏ ወዳጅዋን ስትጣራ አቀንጭራ ጥሪውን ሰርቆ ይሰማል ማለት ነው። በ2008 ደግሞ እነዚሁ ኬሚካሎች በተክሉ ውስጥ የቅርንጫፍ ብዛትን የሚቆጣጠር ሆርሞን ሆነው ተገኙ። ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር ላይ ጥሪው ስለሚበረታ፣ አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ ለምን እንደሚከፋ ከምክንያቱ አንዱ በዚህ ታወቀ፤ ስለዚህም ዝርያውን ከማዳበሪያና እርጥበትን ከማቆር ጋር አጣምሮ መስጠት ትርጉሙ ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ የአንድ አረም መድኃኒት ፍለጋ ስለ ዕፅዋት ሁሉ የማይታወቅ ነገር ገለጠ። ስለዚህ ለባለብየዳው የምመልሰው፣ ተመራማሪው ከእርስዎ ጋር ይቁም፣ ነገር ግን ችግሩ ከሚጠይቀው አንድ እርምጃ አልፎ የመቆፈር ነፃነቱ አይነፈገው ነው። ሥሩ ዘንጉን እንዳይዝ ከተደረገ በኋላ እንኳ ሥሩ ለምን ያን ያህል ይረዝማል የሚለው ጥያቄ መቋረጥ የለበትም።

---

መልስ፦ ቀረሶ

አሳ አስጋሪ ነኝ፤ ከአባቴ ጋር በደንገል ታንኳ የጀመርሁ ሰው ነኝ። አጭር ነገር ልጨምር።

ማሽኑን የሚያሰማሩት ሰዎች የእኛንም የወቅት አቆጣጠር ይጠይቁ። ቀረሶ የሚራባው ከዳርቻው ሣርና ቄጤማ አጠገብ፣ በሳሳ ውኃ ውስጥ ነው። ነጭ አሳ ደግሞ ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲደፈርሱ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብም ሆነ ማሽን መደርደር የሚመጣውን ዓመት አሳ መጨረስ ነው። እኛ በጅምላ ነጭ አሳ የምንለውን ተመራማሪዎች አጥንተው ከ15 በላይ ዝርያዎች እንዳሉትና አብዛኞቹም በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ መሆናቸውን ሲነግሩን ተገርመናል፤ እነርሱም የትኛው በየትኛው ወንዝ እንደሚወጣ ሲያጠኑ ከእኛ ታንኳ ላይ ነበሩ። ለምርምሩ አስጋሪው መርቷል፤ ውጤቱም የወንዝ አፍ መቼ መዘጋት እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል። እምቦጩ ላይም እንዲሁ ይደረግ።

---

መልስ፦ የድሮ የፖሊ ልጅ

በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርምና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በከተማችን የቴክኒክ ትምህርትና የመምህራን ትምህርት ሲጀመሩ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ነበሩ። ፖሊ የምንለው የቴክኒክ ተቋም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቋመ፤ ፔዳ የምንለው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1972 ተከተለ፤ በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ብረት የሚቀርጸውና ሳይንስን የሚያስተምረው ለብዙ ዘመን በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለት ግቢ ኖረዋል። ስለዚህ ወንድማችን የጠየቁት ጥያቄ በከተማችን መልክዓ ምድር ላይ ጭምር የተጻፈ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የማነሣው ምሳሌ እንዶድ ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚያስቸግር በሽታ እንደመሆኑ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ከሌላው ቦታ የበለጠ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። ቢልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ነውና ምልከታው ታላቅ ነበር። እናቶቻችን እንዶድን ለዘመናት ሲያጥቡበት ኖረዋል፤ ከወራጁ በታች ምን እንደሚሆን ዝቅ ብሎ የተመለከተው ግን በሽታውን የሚያጠና ሰው ነበር። ሁለቱ በአንድ ወንዝ ዳር ባይገናኙ ኖሮ ግኝቱ አይኖርም ነበር።

ነገር ግን የምትጠነቀቁበትንም ልንገራችሁ። ከዚያ ምልከታ እስከ ተቀባይነት ያለው ጥንካሬውና ደኅንነቱ የተመዘነ መድኃኒት ድረስ ያለው መንገድ ዐሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ፍሬው ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን አሳንም ይገድላል፤ ስለዚህ መጠኑ፣ ጊዜውና ሥፍራው መጠናት ነበረበት። የትኛው የእንዶድ ዓይነት የበለጠ ኃይል እንዳለውና እንዴት እንደሚለማም ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በጉማራና በሌሎች ወንዞቻችን አሳ ለመያዝ የተወቀጠ የብርብራ ዘር የሚበትን ሰው ያየ ሁሉ፣ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚጠቅም እንዳልሆነ ያውቃል።

ከምን ይጀመር ለሚለው የእኔ አሳብ ይህ ነው። ስብሰባና አውደ ጥናት አይቅደም። አንድ የሥነ ሕይወትና አንድ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ በአንድ የእምቦጭ ምንጣፍ ላይ፣ በአንድ የመስክ መዝገብ፣ የመመረቂያ ሥራቸውን ይሥሩ። አንደኛው ሥሩን በሚለካበት ቀን ሌላኛው ዘንጉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ይለካ። ሁለቱም የማሽኑን ብልሽት ሁሉ እንደ ውጤት ይመዝግቡ፤ የተበላሸበት ቀን፣ ሥፍራ፣ የውኃው ጥልቀት፣ የአረሙ ዕድሜ ይጻፍ። ምሁር በሚያሳትመው ጽሑፍ በሚመዘንበት ዓለም ውስጥ የተፈታ ኩሽኔት የማይቆጠር መሆኑን አውቃለሁ፤ በሁለት ዓይነት ልኬት ተደግፎ ሲጻፍ ግን እሱም እውቀት ነው።

---

ባለብየዳ (ዓባይ ማዶ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማሽላው ወንድማችን ያሉት ነገር በተለይ አሳቤን ለውጦታል፤ የጠየቅሁት እኔን የሚጠቅመኝን ብቻ እንደነበር ተረድቻለሁ።

ደንገል፣ በሌሎች ቀናት ስለተበላሹት ነገሮች ምንም ማስታወሻ የለኝም፤ ያለኝ የተቀየሩ ኩሽኔቶች ደረሰኝ ነው። ይሁንና ደረሰኞቹ ቀን አላቸው፤ በየቀኑ የት እንደነበርን ደግሞ ጀልባውን ይነዳ የነበረው ሰው ያስታውሳል። ሁለቱን አገናኝቼ በአንድ ደብተር እገለብጠዋለሁ። ማሽኑ አሁንም ግቢዬ ውስጥ ቆሟል፤ የታችኛውን ዘንግ ፈትቼ ሥሩ የተጠመጠመበትን ክፍል አላጸዳሁትም፣ ደርቆ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሦስት ሰፋፊ ሳፋ በግቢዬ አለኝ፣ ከሐይቁም ሩቅ ነው። በየሳፋው ውኃ ሞልተን፣ አንዱን ያለ ማዳበሪያ፣ ሁለቱን በተለያየ መጠን ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ጨምረንበት፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ ያለው እምቦጭ ብናስቀምጥ የሥሩ ርዝመት ልዩነት በስንት ሳምንት ይታያል? የሥጋ ቤት ዓይነት የምንጭ ሚዛን አለኝና ሥሩ ስንት ኪሎ ሲሳብ እንደሚበጠስ እኔ ልለካው እችላለሁ።

---

ደንገል

በአራት ሳምንት ውስጥ በዓይን የሚታይ ልዩነት ሊኖር ይገባል፤ እኛ በየሳምንቱ እንለካዋለን። በየሳፋው አንድ ተክል ብቻ አይበቃም፣ ቢያንስ አምስት አምስት ያስፈልገናል፤ ሳፋዎቹም እኩል ፀሐይ የሚያገኙበት ቦታ ይሁኑ። ተክሉንም ሆነ ውኃውን ስንጨርስ ወደ ቦይ እንዳንደፋው፣ ከማበቡም በፊት አድርቀን እንድናቃጥለው አደራ። የደረቀውን ዘንግ እንዳይነኩት፤ ቅዳሜ ጠዋት ማስመሪያ፣ የናሙና ከረጢትና አንድ የምህንድስና ተማሪ ይዤ እመጣለሁ።